ዋሃካ ውስጥ የት ልረፍ? የድሮ ቤት ሆቴሎችን ለሚያወዳድር ሰው

ደቡብ ሜክሲኮ ያለችውን ዋሃካን ለማየት የተነሳ ሰው ሆቴል ፍለጋውን የሚጀምረው ከፎቶ ነው። ቢጫ ግድግዳ፣ ግቢው መሃል ቁልቋል፣ ጣሪያው ላይ ጠበብ ያለ መዋኛ። ያምራል። ችግሩ ሁሉም ሆቴል ያው ፎቶ ነው ያለው። አስር ሆቴል ከፍቶ ሲያይ አስሩም ይምታቱበታል። ያኔ ይሰለቸውና በዋጋ ይመርጣል፤ ወይ ጓደኛው ያረፈበት ይገባል።

እዚህ ከተማ ውስጥ ግን ሆቴልና ሆቴል ከሚለያየው በላይ፣ በአንዱ ሆቴል ውስጥ ክፍልና ክፍል ይለያያል። አንዱ እንግዳ «እንደ ገነት ነበር» ብሎ ይወጣል። በዚያው ሳምንት፣ እዚያው ቤት ያደረው ሌላው «ዓይኔን ሳልከድን ነጋ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የሆቴል ስም መጥራቴ ባይቀርም፣ መጀመሪያ ስለ ክፍል እናውራ።

ቤቶቹ እንዴት ተሠሩ

ዋሃካ የመሬት መንቀጥቀጥ የማያጣት ከተማ ናት። ስለዚህ በስፔን ዘመን የተሠሩት ቤቶች ዝቅ ያሉ፣ ግድግዳቸውም ወፍራም ነው። ብዙው ድንጋይ ካንቴራ የሚሉት፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ የአካባቢው ድንጋይ ነው። ቤቱ ለመንገዱ ፊቱን አይሰጥም። ወደ ውጭ አንድ ትልቅ የእንጨት በርና ጥቂት ባለፍርግርግ መስኮት ብቻ አለው። ክፍሎቹ የሚያዩት ወደ ውስጠኛው ግቢ ነው። ዛሬ ቡቲክ ሆቴል (አነስ ያለ፣ የራሱ መልክ ያለው ሆቴል) ከሚባሉት አብዛኞቹ እነዚህ ቤቶች ናቸው።

ባለቤቱ እንዳሻው አፍርሶ አይሠራቸውም። በ1972 የወጣው የሜክሲኮ የቅርስ ሕግ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) ከ16ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ታሪካዊ ሕንፃዎችን ይጠብቃል። በ1987 ደግሞ ዩኔስኮ የከተማዋን መሃል፣ አጠገቧ ካለው የጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ፣ ከሞንቴ አልባን ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። አዲስ መስኮት ለማውጣት ወይም ግድግዳ ለመብሳት የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙው ሆቴል ሊፍት የሌለው፣ አንዳንዱ ክፍልም ብርሃን ያጠረው ለዚህ ነው። የባለሆቴሉ ስስት አይደለም።

እንግዲህ በአንድ ሆቴል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ክፍል አለ ማለት ነው።

የመንገድ ዳሩ ክፍል ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ብርሃን ይሞላዋል፣ ብዙ ጊዜም ትንሽ በረንዳ አለው። በፎቶ የሚያክለው የለም። ሌሊቱ ግን የእናንተ ሳይሆን የመንገዱ ነው።

ምድር ላይ ያለው የግቢ ክፍል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በሩም መስኮቱም የሚከፈተው ወደ ግቢው ነው። ግቢው ጠዋት ቁርስ ቤት ነው፣ ማታ ባር። ቁርስ የሚበላው እንግዳ ከመስኮታችሁ አንድ ክንድ ርቆ ይቀመጣል። መጋረጃውን ብትገልጡት በፒጃማችሁ ሆናችሁ ታዩታላችሁ፣ እሱም ያያችኋል። ብትዘጉት ክፍሉ በጠራራ ፀሐይ ይጨልማል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሹካና ሳህኑ፣ ወንበር ሲጎተት የሚሰማው ሲጥጥታ፣ የቡና ማሽኑ ጩኸት ሁሉ አልጋችሁ ላይ ነው። ሆቴሎች ይህንን ክፍል «ግቢውን የሚያይ» ብለው ይሸጡታል። ውሸት አይደለም። በእርግጥ ያያል።

ሦስተኛው ዓይነት ክፍል ፎቅ ላይ፣ ከኋላ በኩል ያለው ነው። ድምፁ ይቀንሳል፣ ነፋስም ያገኛል። ዋጋው ደረጃው ነው። የድንጋይ ደረጃ፣ ቀጥ ያለ፣ አንዳንዴ መደገፊያ የሌለው። እናትን ወይም አባትን ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለወጣት ግን እኔ ሁልጊዜ ይህንን ክፍል ጠይቁ እላለሁ።

ስለ ጩኸቱ

ዋሃካ የምትጮህ ከተማ ናት። ይህንን የሚያህል ነገር ሆቴሎች ድረ ገጻቸው ላይ አይጽፉትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳንቶ ዶሚንጎ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቁሙ። ሠርግ አይጠፋም። ሙሽሮቹ ሲወጡ ካሌንዳ የሚሉት ሰልፍ ይነሳል። ፊት ፊት የነሐስ ባንድ ይሄዳል፣ ሱሳፎን የሚሉት ትልቁ ጥሩምባ ድምፁ ሆድ ድረስ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ ቁመታቸው የሁለት ሰው የሚያህል ሙሽራና ሙሽሪት አሻንጉሊቶች፣ ውስጣቸው ሰው ገብቶ፣ እየተሽከረከሩ ይጨፍራሉ። አንድ ሰውዬ በረጅም እንጨት ላይ የተሰካ ግዙፍ የጨርቅ ኳስ ያዞራል። ሴቶቹ አበባ የሞላ ቅርጫት አናታቸው ላይ አድርገው ይወዛወዛሉ። ሜስካል የሚሉት የአካባቢው አረቄ ይቀዳል። ሰልፉ ማሴዶኒዮ አልካላ የሚባለውን የእግረኛ መንገድ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው ደስታ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ክፍል ለተከራየና ጠዋት በረራ ላለበት ሰው ደስታ አይደለም።

ርችቱም አለ። ቀለም ያለው ርችት እንዳይመስላችሁ። ጧ! ብሎ የሚያልፍ፣ ድምፅ ብቻ የሆነ ነው። የአንድ ሰፈር ቅዱስ በዓል ከሆነ ሳይነጋ ይጀምራሉ። ሌሊቱን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ማይክ እየሰማ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ምናልባት ላይከብደው ይችላል። ሌላው ግን የጆሮ መድፈኛ ይያዝ።

የትኛው ሰፈር?

መሃል ከተማው ትንሽ ነው። ሶካሎ ከሚሉት ዋናው አደባባይ እስከ ሳንቶ ዶሚንጎ በእግር አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። ስለዚህ «ለመሃል ቅርብ» የሚለው ማስታወቂያ ብዙም አያማልላችሁ። ሁሉም ቅርብ ነው።

ሶካሎ አካባቢ ለገበያ ይመቻል። የ20 ዴ ኖቪየምብሬ ገበያ እዚያው ነው፤ ሥጋ የሚጠበስበት በጭስ የታጠነ መተላለፊያ አለው። ጥሬውን መርጣችሁ ታስመዝናላችሁ፣ ከሰሉ ላይ ያደርጉላችኋል። ለእኛ ሰው አሠራሩን ማስረዳት አያስፈልግም። አካባቢው ግን የተቃውሞ ሰልፍም ቦታ ነው። የአስተማሪዎቹ ማኅበር በተለይ ግንቦትና ሰኔ ላይ አደባባዩን በድንኳን ሞልቶ ሊቀመጥ ይችላል። ያኔ መንገድ ይዘጋል፤ ታክሲው ሩቅ አውርዷችሁ ሻንጣችሁን በድንጋይ ንጣፍ ላይ ትጎትታላችሁ። የሚያስፈራ ነገር የለውም፣ አድካሚ እንጂ።

ሳንቶ ዶሚንጎ ዙሪያ የሚያምረው፣ ውዱና ካሌንዳው የሚበዛበት ነው። ወደ ምሥራቅ አለፍ ሲሉ ሃላትላኮ አለ። ድሮ የቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ነበር። አሁን ኮብልስቶኑ፣ የግድግዳ ሥዕሉና ካፌው የታወቀ ነው። ማታ ከመሃሉ ይልቅ ይረጋጋል። የአንደኛ ደረጃ አውቶቡስ ጣቢያውም ቅርቡ ነው። መጀመሪያ ለሚሄድና እንቅልፉን ለሚወድ ሰው እኔ የምመርጠው ይህንን ሰፈር ነው።

ሆቴሎቹ

ኪንታ ሬያልን ሳይጠሩ ማለፍ አይቻልም። በ1576 የተመሠረተ የሳንታ ካታሊና የሴቶች ገዳም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የወረሱት የተሃድሶ ሕጎች መነኮሳቱን አስወጡ። ከዚያ ወህኒ ቤት ሆነ፣ ትምህርት ቤት ሆነ፣ ሲኒማ ቤትም ሆኖ ያውቃል። ሆቴል የሆነው በ1970ዎቹ ነው። 91 ክፍል ስላለው «ቡቲክ» ለማለት ምላስ ይይዛል። ቢሆንም ሰው ከትንንሾቹ ጋር እያነጻጸረ የሚያመነታበት ይኼው ነው። አንደኛው ግቢ ውስጥ መነኮሳቱ ልብስ ያጥቡበት የነበረው ቦታ እንዳለ ቆሟል፤ ጉልላት የመሰለ ጣሪያ፣ ዙሪያውን የድንጋይ ገንዳዎች። ኮሪደሮቹ ግድግዳ ላይ የጥንት ሥዕል ርዝራዥ ይታያል። የአትክልት ቦታና መዋኛ አለው። ሌሊት በማንኛውም ሰዓት ብትደርሱ የሚቀበላችሁ ሰው አለ። ወላጅ ወይም ልጆች ይዞ ለሚሄድ ከሁሉም የሚያመቸው ይኼ ነው፤ የውስጠኛው ግቢ ክፍል እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ እስከጠየቃችሁ ድረስ። መነኮሳት እንደሚያድሩበት ፀጥ ያለ ቤት ግን አትጠብቁ። ማታ ድግስ ይኖራል።

ካሳ ዋሃካ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰባት ክፍል ብቻ። ጋርሲያ ቪሂል መንገድ ላይ ያለ የድሮ ቤት ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ከኋላ ሰማያዊ መዋኛ፣ ተማስካል የሚሉት ባህላዊ የእንፋሎት መታጠቢያ። ለባልና ሚስት ከዚህ የሚሻል ብዙ የለም። ሰባት ክፍል ማለት ግን ቶሎ ያልቃል ማለት ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ በዚሁ ስም የታወቀው ትልቁ ሬስቶራንት ያለው ሌላ ቦታ፣ ሳንቶ ዶሚንጎ አጠገብ ነው። ሬስቶራንቱን አይቶ ሆቴሉን የሚገመግም ሰው ስለሚያጋጥም አስተያየት ስታነቡ ለዩት።

ኤስኮንዲዶ አዲስ ነገር ለሚወዱ ነው። በ2019 የተከፈተ፣ አስራ ሁለት ክፍል ያለው። ከፊት የድሮ ቤት፣ ከኋላ ያልተለሰነ የኮንክሪት ግንብ። የሠራው አልቤርቶ ካላች ነው፤ ሜክሲኮ ሲቲ ያለውን የቫስኮንሴሎስ ቤተ መጻሕፍት የነደፈው አርክቴክት። መዋኛው ጣሪያ ላይ ነው። እዚህ ላይ የግል አስተያየቴን ልናገር። ታሪካዊ ከተማ ሄዶ ኮንክሪት ውስጥ ማደር ለአንዳንዱ ሰው አይዋጥለትም። እኔ ግን ግንቡ የድሮውን ቤት መስሎ ለመታየት አለመሞከሩን ወድጄዋለሁ። የቅኝ ግዛት ዘመን ቤት መስሎ በውሸት ከሚሠራ በግልጽ ኮንክሪት ቢሆን ይሻላል። ያው የሆቴል ቡድን በኋላ ኦትሮ የሚባል ሌላ ሆቴል ሳንቶ ዶሚንጎ አካባቢ ከፍቷል። ኤስኮንዲዶ ከሞላ እሱን እዩት።

አሱል ዴ ዋሃካ ለሥዕል ወዳጅ ነው። አንዳንድ ክፍሎቹን የከተማዋ ሠዓሊዎች አስጊጠዋቸዋል፤ ፍራንሲስኮ ቶሌዶም አሻራው አለበት። ቶሌዶ በ2019 እስኪያርፍ ድረስ ለዋሃካ ከሠዓሊም በላይ ነበር። በ2002 ማክዶናልድስ ሶካሎው ላይ ሊከፍት ሲል አደባባዩ ላይ ለሕዝብ ታማሌ (የአገሩን የበቆሎ ሊጥ ምግብ) እያደለ የተቃወመው፣ ያሸነፈውም እሱ ነው። ሆቴሉን ስትመርጡ በሠዓሊዎቹ እጅ ያለፉት ክፍሎችና ተራዎቹ በዋጋም በመልክም እንደሚለያዩ አትርሱ። ተራውን ከፍላችሁ የቶሌዶን አትጠብቁ።

ኦቴል ሲን ኖምብሬ ሶካሎ አጠገብ ነው። ውስጡ ነጭ በነጭ፣ ሥዕል የተሰቀለበት፣ ጸጥ ያለ ውበት ያለው ቤት ነው። ገበያውን መዞር ለሚወድ ይመቻል። ስለ አስተማሪዎቹ ሰልፍ ያልኩት ግን እዚህ ላይ ይሠራል።

በጀቱ ጠበብ ላለ ሰው ኤል ያኖ ፓርክ አካባቢ ያለው ግራና አለ፤ ታድሶ ቁርስ የሚቀርብበት የድሮ ቤት ነው። ወይም ሃላትላኮ ውስጥ ሲቲ ሴንትሮ፤ የድሮ ቆዳ ፋብሪካ ላይ የተሠራ፣ ከመቶ በላይ ክፍል ያለው ሆቴል። ትልቅ ነው፣ ቡቲክም አይደለም። የበዓል ሰሞን ትንንሾቹ ሲሞሉ ግን ክፍል የሚገኘው እንዲህ ያለው ዘንድ ነው።

መቼ?

ክረምታቸው ከእኛው ጋር ይገጥማል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ከፍታው 1,550 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዳማ ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አየሩ አይከብዳችሁም። ሚያዝያና ግንቦት ይሞቃል፤ ያኔ ኤሲ ያለው ክፍል ጠይቁ፣ የድሮ ቤት ሁሉ ኤሲ የለውምና። ታኅሣሥና ጥር ማታ ይበርዳል። ጣሪያ ላይ ያለው መዋኛ ውሃው የሚሞቅ መሆኑን ሳትጠይቁ ለእሱ ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ።

ሁለት ጊዜ ዋጋ ይሰቀላል። አንዱ ጌላጌትሳ የሚሉት የጭፈራ በዓል ነው፤ ከጁላይ 16 በኋላ ባሉት ሁለት ሰኞዎች ይከበራል። ሌላው ሙታን የሚታሰቡበት የሙታን ቀን ነው፣ ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 2። በእነዚህ ቀናት ብዙ ሆቴል አንድ ሌሊት ብቻ አያከራይም፤ ገንዘብ ተመላሽ የሚያደርጉትም ጥቂት ናቸው። ግማሽ ዓመት ቀድሞ ያልያዘ ሰው የተረፈውን ነው የሚያገኘው። የሚተርፈው ደግሞ የትኛው ክፍል እንደሆነ ከላይ ነግሬአችኋለሁ፤ ቁርስ ቤቱ አጠገብ ያለው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ውሃ። ዋሃካ ውስጥ የቧንቧ ውሃ በየቀኑ አይመጣም። ሆቴሎች በሮቶና በምድር ውስጥ ገንዳ ያጠራቅማሉ፣ ሲያልቅ በቦቴ ያስመጣሉ። ውሃ በፈረቃ ለለመደ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ቢሆንም በደረቁ ወራት የምትሄዱ ከሆነ የማጠራቀሚያ አቅማቸውን ጠይቁ። ትልልቆቹ እዚህ ላይ ይሻላሉ። የቧንቧውን አትጠጡ፤ ክፍል ውስጥ የታሸገ ውሃ ያስቀምጡላችኋል።

ዋጋ። የፔሶ ምልክቱ ያው የዶላሩ ነው። ቁጥሩን አይታችሁ እንዳትደነግጡ፣ ደግሞም እንዳትሸወዱ። 16 በመቶ ቫትና የግዛቲቱ የሆቴል ግብር ተካቶ እንደሆነ ጠይቁ። ካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በፔሶ?» ካለ ፔሶ በሉ።

አልጋ። «ማትሪሞኒያል» የሚሉት ለሁለት ሰው ነው፣ ግን ጠበብ ያለ ነው። ሰፊ ከፈለጋችሁ ኩዊን ወይም ኪንግ ሳይዝ መሆኑን አረጋግጡ።

ቁርስ። የጾም ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ ቁርስ ተካቶበታል ተብሎ ለተጨመረበት ክፍል አትክፈሉ። እንቁላልና አይብ ነው የሚበዛው። ከሆቴል ውጭም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትላዩዳ የሚሉት ትልቁ የበቆሎ ቂጣ ሲታይ ጾም ይመስላል፤ ግን ሥሩ አሲየንቶ የተባለ የአሳማ ስብ ይቀባል። ስቡን ለማስቀረት ለሙስሊሙም ለጾመኛውም የምትሉት አንድ ነው፦ «ሲን አሲየንቶ፣ ሲን ማንቴካ»፤ ያለ አሲየንቶ፣ ያለ አሳማ ስብ ማለት ነው። በውሃ የሚፈላ ቸኮሌት ግን በየካፌው አለ፣ ወተት የለበትም። እሱን ይዛችሁ ጠዋትን ማለፍ ይቻላል።

ለሆቴሉ የምትልኩት ጥያቄ ደግሞ ይኼ ነው፦ «ላ አቢታሲዮን ዳ አ ላ ካዬ ኦ አል ፓቲዮ?» ክፍሉ ወደ መንገድ ነው ወይስ ወደ ግቢ ማለት ነው። ቀጥላችሁ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና ቁርስ የሚቀርበው የት እንደሆነ ጠይቁ። የክፍሉን ቁጥር ጠቅሶ የሚመልስ ሆቴል ላይ እምነት ይኑራችሁ። «ክፍሎቻችን ሁሉ ውብ ናቸው» ብሎ የሚመልሰውን እለፉት።

አሜሪካ ላላችሁ፣ ከዳላስና ከሂውስተን ቀጥታ በረራ አለ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ ግሪን ካርድ ወይም ያልተቃጠለ የአሜሪካ ቪዛ ካላችሁ የሜክሲኮ ቪዛ አትጠየቁም። አውሮፕላን ጣቢያ ውስጥ የታክሲና የጋራ ሚኒባስ ቲኬት የሚሸጥበት መስኮት አለ፤ እዚያው ከፍላችሁ ውጡ። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ የምትደርሱ ከሆነ ደግሞ ለትንንሾቹ ሆቴሎች ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጻፉላቸው። ሌሊት ሪሴፕሽን ላይ ሰው የማይኖርባቸው አሉ፤ በሩም ምልክት የሌለው ተራ የእንጨት በር ስለሆነ ባለታክሲው ራሱ አልፎት ሊሄድ ይችላል።